ውሃን ከጥሩ

 

ባለፈው ወር እዚሁ ሲያትል ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት እናት ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «ወንድሜ፣ አንተ የሙያው ሰው ነህና እውነቱን ንገረኝ» አሉኝ። «ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ደክሞ ተማረ። የአውሮፕላን መካኒክ ሆነልን ብለን ደገስን፣ ዘመድ ጠራን። አሁን እነዚያ ውሃ ላይ የሚያርፉት ትንንሽ አውሮፕላኖች ዘንድ ተቀጥሯል። ማታ ሲገባ ልብሱ እስከ ጉልበቱ ርሷል። ምን ሠራህ ስለው፣ አውሮፕላን ሳጥብ ዋልኩ ይለኛል። ነገም እጥበት፣ ከነገ ወዲያም እጥበት። ይህ ልጅ የተማረው ለእጥበት ነው?»

እዚያው ቆሜ አጭር መልስ ሰጠኋቸው። ቤቴ ስገባ ግን መልሴ ለእኔው አልዋጥልህ አለኝ። እናት የልጇን ድካም ይዛ ስትጠይቅ በሁለት ቃል አትሸኝም። እሳቸው ዛሬ መካከላችን ተገኝተዋል፤ ስለዚህ ጥያቄያቸውን በእርጋታ ልመልስ እሞክራለሁ። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ለእኛ ሙያ ከዚህ የበለጠ መመሪያ አላገኘሁም። ዝገትን ከሥሩ ማግኘት፣ አውሮፕላኑንም በጥሩ ውሃ ማጠብ፤ ሌላው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው። የምጠራቸው ዓመቶች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ሌክ ዩኒየንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዊሊያም ቦይንግ የመጀመሪያ አውሮፕላኑን ጁን 15 ቀን 1916 ያበረረው ከዚያ ሐይቅ ተነሥቶ ነው። ያ አውሮፕላን ከእንጨት፣ ከሽቦና ከሸራ የተሠራ፣ በጎማ ፈንታ በተንሳፋፊዎች ላይ የቆመ ነበር። እነዚህን እንደ ጠባብ ጀልባ ያሉ ረጃጅም ተንሳፋፊዎች በሙያችን ፍሎት እንላቸዋለን። ዛሬም ከዚያው ሐይቅ በየቀኑ ቢቨርና ኦተር የሚባሉ አውሮፕላኖች እየተነሡ በፑጀት ሳውንድ ላይ ወደ ሳን ዋን ደሴቶች ይበራሉ። ሐይቁ ጨው የሌለበት ውሃ ነው፤ ደሴቶቹ ያሉት ግን ጨዋማ ባሕር ውስጥ ነው። ጠዋት ከሐይቅ የተነሣ አውሮፕላን ረፋዱ ላይ ባሕር ላይ አርፎ፣ በጨው ተረጭቶ፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ስለ ዕድሜያቸውም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቢቨር ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1947 ነው። ከ1,600 በላይ ከተሠሩ በኋላ ፋብሪካው በ1967 ማምረቱን አቆመ። ስለዚህ ዛሬ ሲበር የምታዩት እያንዳንዱ ቢቨር ከልጆቻችን ቀርቶ ከብዙዎቻችን ይበልጣል። ሌላም ምሳሌ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሀገር ውስጥ በአፈር ማረፊያዎች ያበርረው የነበረው ትዊን ኦተር የሚባለው ዓይነት፣ ፍሎት ተገጥሞለት ዛሬ በማልዲቭስ ደሴቶች መካከል ሰው ያመላልሳል። የእኛ ትዊን ኦተር ጠላቱ አቧራና ጠጠር ነበር፤ የማልዲቭሱ ጠላቱ ጨው ነው። አውሮፕላኑ አንድ፣ ፈተናው ሁለት። አቧራ ለዓይን ይታያል፤ ጨው ግን ደርቆ ይደበቃል።

እስቲ ስለዚህ ጨው እንነጋገር። አንድ ሊትር የውቅያኖስ ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ መሆኑ ነው። አውሮፕላኑ ለመነሣት ሲሮጥ ይህ ውሃ በጭጋግ መልክ ወደ ክንፉ ሥር፣ ወደ ጭራው፣ ወደ ማጠፊያዎቹ ሁሉ ይገባል። ውሃው ይደርቃል፤ ጨው ይቀራል። ቤታችሁ ክረምት ላይ የጨው ዕቃ ስትከፍቱ ጨዉ ረጥቦ፣ ተጣብቆ አላገኛችሁትም? ማንም ውሃ አልጨመረበትም፤ ከአየሩ ነው የሳበው። አውሮፕላኑ ውስጥ የቀረውም ጨው እንዲሁ ሌሊቱን ሙሉ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ላሜራውን ያረጥባል። መኪና ማቆሚያ ላይ እንዳለ መኪና ዝም ብሎ የቆመ የሚመስለው አውሮፕላን ቆሞ እየተበላ ነው።

«አሉሚኒየም ይዝጋል እንዴ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እንደ ምስማር ቀይ ዝገት አያወጣም፤ ይህ እውነት ነው። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያው በጣም ስስ የሆነ መከላከያ ቆዳ ያበጃል፤ ይህ ቆዳ ሳይነካ እስከቆየ ድረስ ብረቱ ደህና ነው። ጨው ግን ይህን ቆዳ ይበሳዋል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ዝገት ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት ነው። በእኛ ዓይን ዝገት ቀይ ስለሆነ፣ ነጩን ዱቄት ጀማሪ ሁሉ አቧራ ነው ብሎ ያልፈዋል። የአውሮፕላን ጥገና ተማሪዎች፣ ይህን ያዙልኝ፤ አውሮፕላን ላይ ነጭ ዱቄት ካያችሁ መጀመሪያ ዝገት ነው በሉ፤ አቧራ መሆኑን በኋላ አረጋግጡ።

የዝገት ሥሩ ምንድን ነው? ሥሩ ባትሪ ነው። ሁለት ዓይነት ብረት ከተነካኩና ጨዋማ ውሃ ካገናኛቸው ባትሪ ተሠራ ማለት ነው፤ አንደኛው ብረት ሌላኛውን እየመገበ ያልቃል። የማይዝግ ብረት የምንለው ቡሎን አሉሚኒየም ላሜራ ላይ ሲታሰር የሚያልቀው አሉሚኒየሙ ነው። ቡሎኑ እንደ አዲስ ያበራል፤ ዙሪያው ያለው ላሜራ ግን ዱቄት ይሆናል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ባትሪው በአንዱ ላሜራ ውስጥም መኖሩ ነው። ለአውሮፕላን ከሚያገለግሉት የአሉሚኒየም ዓይነቶች ዋነኛው፣ 2024 የሚባለው፣ ጥንካሬውን ያገኘው 4 በመቶ ገደማ መዳብ ተቀላቅሎበት ነው። ያ መዳብ ጉልበት ሰጠው፤ ጠላትም አብሮ አስገባበት። ለዚህ ነው ፋብሪካዎች ላሜራውን በሁለቱም ወገን በንጹሕ አሉሚኒየም ስስ ልባስ የሚሸፍኑት። በብርጭቆ ወረቀት ያለ ልክ የሚፈገፍግ ሰው ይህን ልባስ ይገፈውና የአውሮፕላኑን ቆዳ አራቁቶ ይሄዳል።

አሁን ወደ አንድ ትዝታዬ ልውሰዳችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ የግል አውሮፕላን ለዓመታዊ ምርመራ መጣልን። ቀለሙ አዲስ ነበር፤ ፊትህን ያሳይሃል። እኔም ከውጭ ዞሬ አየሁና በልቤ «ይህስ ንጹሕ ነው፣ ቶሎ እንጨርሳለን» አልኩ። አብሮኝ የሚሠራው አንጋፋ መካኒክ ግን ምንም ሳይናገር ገባና ወንበሮቹን መፍታት ጀመረ። ምንጣፉን አነሣ። ከምንጣፉ ሥር ድምፅ ለመቀነስ የተነጠፈ ስፖንጅ ነበር። በእጁ ሲጨምቀው ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ጣቱን ነክሮ አሳየኝ፤ ሲደርቅ ጣቱ ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ። ስፖንጁን ሲያነሣው ሥሩ የነበረው የወለሉ ማጠናከሪያ ዱቄት እንደተነሰነሰበት ገበታ ሆኗል። ካቻቢቴ ሰጠኝና «ጫን በለው» አለኝ። ጫን አልኩት። ካቻቢቴው ብዙም ሳይቸገር ወደ ውስጥ ገባ።

ያን ቀን የተሰማኝን ድንጋጤ እስከዛሬ አልረሳሁትም። ያ አውሮፕላን ትናንት ሰው ጭኖ በሯል። ቀለሙ ከላይ ያበራል፤ ስፖንጁ ከሥር ጨው ታቅፎ ይተኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ የትኛውንም አውሮፕላን በውጭ መልኩ አመስግኜ አላውቅም።

ዝገት የሚደበቅባቸው ሠፈሮች አሉት፤ እነሱን ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። ከምንጣፍ ሥር፣ ከባትሪው ማስቀመጫ ሥር፣ ጭራው ውስጥ ውሃ ከሚጠራቀምበት ዝቅተኛ ቦታ፣ ሁለት ላሜራዎች ከተደራረቡበት መጋጠሚያ፣ ፍሎቱ ከአውሮፕላኑ ጋር ከሚታሰርበት፣ ከማጠፊያዎች፣ ከእያንዳንዱ ቡሎንና ሮንዴላ ሥር። መልኩም አንድ አይደለም። አንዳንዱ ላሜራውን እንደ እንጀራ ዓይን ይበሳሳዋል፤ ከላይ ቀዳዳዋ የመርፌ ጫፍ ታክላለች፣ ውስጡ ግን ሰፊ ነው። አንዳንዱ ከቀለም ሥር እንደ ትል እየሄደ ቀለሙን ያሳብጠዋል። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ በወፍራም ክፍሎች ውስጥ በንብርብር የሚሄደው ነው፤ ብረቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላቀቃል። ዝገቱ ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በመጋጠሚያ መካከል ሲያድግ ላሜራውን እንደ ትራስ ያሳብጠዋል፤ ሲብስም የሪቬቱን ራስ ይበጥሰዋል።

አካላቸው ከብረት ቱቦ ተበይዶ በሸራ የተሸፈነ አውሮፕላኖችም አሉ፤ ፓይፐር ሱፐር ከብ የዚህ ዓይነት ነው። እዚህ ላይ እውነተኛው ቀይ ዝገት አለ፤ የሚጀምረውም ከቱቦው ውስጥ ነው። ክንፉን ከታች ደግፎ የሚይዘውን ዘንግ አስቡት። ውሃ ከላይ ከገባበት ወደ ታችኛው ጫፍ ይወርዳል፤ እዚያም ይቀመጣል። ዘንጉ ከውጭ ቀለም የተቀባ፣ ቀጥ ያለ፣ ጤነኛ ነው፤ ውስጡ ግን እየሳሳ ይሄዳል። በ1993 የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የእነዚህ ፓይፐር አውሮፕላኖች ዘንግ እንዲመረመር አስገዳጅ መመሪያ አወጣ። ከተፈቀዱት ዘዴዎች አንዱ የሸራን ጥንካሬ ለመለካት በተሠራ፣ ስፕሪንግና ሹል ጫፍ ባለው መሣሪያ የዘንጉን የታችኛ ክፍል ነጥብ በነጥብ እየተጫኑ መሄድ ነው። ጤነኛ ብረት ይመልሰዋል። ውስጡ የተበላ ብረት ይሰረጉዳል። አንዲት ስርጉድ ከታየች ዘንጉ ይጣላል፤ ክርክር የለም።

ጤነኛ ሆኖ ለተገኘው ቱቦ የሚደረግለትን ስሰማ እኔ የተደሰትኩትን ያህል እናንተም ትደሰታላችሁ ብዬ አምናለሁ። የድሮዎቹ መካኒኮች የሞቀ የተልባ ዘይት በቱቦው ውስጥ ያፈሱና፣ ቱቦውን ወዲያና ወዲህ አዘንብለው ውስጡን ሁሉ ካዳረሱ በኋላ ትርፉን አንጠፍጥፈው ጫፉን ይደፍናሉ። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው ይደርቅና ስስ ቆዳ ይሆናል። በጾም የምንበጠብጠው፣ ለሆድ መልካም ነው ብለን የምንጠጣው ያ ተልባ፣ የአውሮፕላን ክንፍ የያዘ ብረትን ከዝገት ይጠብቃል።

የማይታይ ጉዳት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል የሚያሳዩ ሁለት አደጋዎች ላንሣ። የመጀመሪያው የባሕር አውሮፕላን አይደለም፤ ነገር ግን በባሕር አየር ውስጥ የኖረ ነው። ኤፕሪል 28 ቀን 1988 የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከሂሎ ወደ ሆኖሉሉ ሲበር የፊተኛው ጣራ በአየር ላይ ተገንጥሎ ሄደ። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሞተች። አብራሪዎቹ ጣራ አልባውን አውሮፕላን በተአምር አሳረፉት። ያ አውሮፕላን 89,680 ጊዜ በርሮ ነበር፤ ሕይወቱን ያሳለፈው በሃዋይ ደሴቶች ጨዋማ አየር ውስጥ በአጫጭር በረራ ነው። የላሜራዎቹ መጋጠሚያ ማጣበቂያው ለቅቆ፣ እርጥበት ገብቶ፣ ዝገት ጀምሮ፣ ሸክሙ ሁሉ ወደ ሪቬቶቹ ዞሮ፣ ከሪቬቶቹ ቀዳዳዎች ስንጥቅ እየወጣ ተያያዘ። አንዲት ተሳፋሪ ስትገባ በበሩ አጠገብ ስንጥቅ አይታ ነበር። ለማንም አልተናገረችም።

ሁለተኛው የራሳችን ቤት አደጋ ነው። ዲሴምበር 19 ቀን 2005 የቻልክስ ኦሽን ኤርዌይስ ግሩማን ማላርድ የተባለ የውሃ አውሮፕላን ከማያሚ ወደ ቢሚኒ ደሴት ሲነሣ ቀኝ ክንፉ ተገንጥሎ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 20 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። አውሮፕላኑ የተሠራው በ1947 ነበር። የምርመራው ውጤት እንዳሳየው ክንፉን የጣለው ብረቱ ከመድከሙ የተነሣ የወጣ ስንጥቅ ነው። ከዚያ ቀደም ክንፉ ነዳጅ ያፈስ ነበር። ነዳጅ ማፍሰሱ የክንፉ ጩኸት ነበር፤ ሰው ግን ማሸጊያ እየቀባ ጩኸቱን ዝም አሰኘው። ስንጥቁ በዚያ ማሸጊያ ሥር ተሸፍኖ አደገ። የአደጋው መንሥኤ ዝገት ነው ብዬ አልነግራችሁም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ከዝገት የተነሣ እያንዳንዱ ትንሽ ጉድጓድ የስንጥቅ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ምልክትን መሸፈንም ምልክቱን ማጥፋት አይደለም። ቁስሉ ሳይታጠብ የተጠቀለለ እግር ምን እንደሚሆን እናቶች ታውቃላችሁ።

እንግዲህ መከላከሉስ? «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው። ቅጠሉ ደግሞ ንጹሕ ውሃ ነው። እዚህ ላይ የእኛን ታንኳ ላንሣ። ጣና ዳር ያደገ ሰው የደንገል ታንኳን ያውቃል። ዓሣ አጥማጁ ከሐይቁ ሲወጣ ታንኳውን ውሃ ውስጥ ትቶት አይሄድም። ይጎትተዋል፤ ዳር ላይ አቁሞ ፀሐይና ነፋስ ይመታው ዘንድ ይተወዋል። ውሃ ጠጥቶ የከረመ ደንገል ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ታንኳው የሚኖረው ውሃ ላይ በዋለበት ሰዓት ሳይሆን ደርቆ ባደረበት ሌሊት ልክ ነው። የተሠራበት ነገር ቢለይም የውሃ አውሮፕላንም ሕግ ይኸው ነው፤ ማታ ይወጣል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል።

አጣጠቡ ሥርዓት አለው። ጨው ከመድረቁ በፊት ይጀመራል። ውሃው ብዙ፣ ግፊቱ ግን ለስላሳ ይሁን፤ በኃይል የተወረወረ ውሃ ጨውን ወደ መጋጠሚያዎችና ወደ ኩሽኔታዎች ያስገባል። ከላይ ወደ ታች ይኬድና፣ ዋናው ጊዜ ሆዱ ሥር፣ ጭራው ሥር፣ ክንፉ ከአካሉ በሚገናኝበት፣ በማጠፊያዎችና በፍሎቱ ማሰሪያዎች ላይ ይውላል። ሆዱ ላይ ያሉት የማንጠፍጠፊያ ቀዳዳዎች ክፍት መሆናቸው በጣት ይረጋገጣል፤ በጭቃ የተደፈነች አንዲት ቀዳዳ አንድ ባልዲ ጨዋማ ውሃ ታሳድራለች። ከዚያ ክዳኖች ይከፈታሉ፣ አየር ይገባል። እጥበት ግራሶንም ስለሚያጥብ ማጠፊያዎች እንደገና ግራሶ ይቀባሉ። አንዳንድ አብራሪ «ሐይቁ ላይ ሳርፍ ታጥቧል» ይላል። ሐይቁ የፍሎቱን ሆድ ያጥባል፤ የጭራውን ውስጥ አያጥብም።

ፍሎቱ ራሱ በየክፍሉ የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ክፍል ቢቀደድ ሌሎቹ እንዲያንሳፍፉት። በየክፍሉ ትንሽ ውሃ ይገባል፤ ከበረራ በፊት በእጅ ፓምፕ ይሳባል። ጀማሪ ሲስብ ውሃው ማለቁን ብቻ ይመለከታል። የሚያስተውል ልጅ ይቆጥራል። ትናንት አምስት ጊዜ ስቦ የጨረሰው ክፍል ዛሬ ሃያ ጊዜ ካስሳበው አንድ ቦታ ተከፍቷል፤ ስፌቱ ለቅቋል፣ ወይም ሪቬት ተበልቷል። ፓምፑ ነግሮታል። ይህን ቁጥር ለአለቃው ሳይናገር አውሮፕላኑን አይለቅም።

ከእጥበት በላይ ያለው መከላከያ ደግሞ ቀለም ነው። ሀገር ቤት በር የሚሠሩ ባለሙያዎች ከቀለሙ በፊት አንቲረስት እንደሚቀቡት፣ አውሮፕላንም በመጀመሪያ በኬሚካል ታጥቦ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ተቀብቶ፣ ከዚያ ነው መልኩን የሚይዘው። አሮጌው ቢጫ አረንጓዴ የክሮሜት ቀለም ዝገትን አጥብቆ ይከላከላል፤ ለሰው ግን ካንሰር አምጪ ነው። ልጆች፣ ስትረጩትም ስትፍቁትም ያለ መተንፈሻ ጭንብልና ያለ ጓንት አትንኩት። «እኛ ድሮ ያለ ጭንብል ነበር የምንሠራው» የሚላችሁን አትስሙ። ቡሎን ስታስገቡ በደረቁ አታስገቡ፤ በማሸጊያ ወይም በፀረ ዝገት ቀለም አርጥባችሁ አስገቡት፤ ሁለቱ ብረቶች እንዳይነካኩ ያደርጋል። በየጊዜውም እንደ ጭጋግ የሚረጭ ስስ ፀረ ዝገት ዘይት በወለሉ ሥርና በክንፉ ውስጥ ይነፋል። ይህ ዘይት በመጋጠሚያዎች መካከል እየሳበ ይገባና እርጥበቱን ገፍቶ ያስወጣል። ዘላለም አይቆይም፤ ይታደሳል።

ፍለጋውን በተመለከተ፣ መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ ዓይን፣ ጣትና ትዕግሥት ነው። የእጅ ባትሪ ያዙና ብርሃኑን ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን፣ ላሜራውን እየላሰ እንዲሄድ አብሩት። ፊት ለፊት ሲያበሩበት ሜዳ የመሰለው ላሜራ፣ ከጎን ሲበራበት እብጠቱ ጥላ ይጥላል። ቀጥሎ ጣታችሁን አሳልፉበት፤ ጣት ዓይን የሳተውን ያገኛል። በሪቬቶች ዙሪያ ጥቁር ጭስ የመሰለ መስመር ካያችሁ ሪቬቱ እየተነቃነቀ ነው። በመሪ ኬብሎች ላይ ጨርቅ ይዛችሁ በርዝመታቸው ሳቡት፤ የተበጠሰች ክር ጨርቁን ትይዘዋለች። በባዶ እጅ ግን እንዳትሞክሩ። ዓይን ለማይደርስበት መስታወት አለ፤ ለመስታወትም ለሚጠብበው ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አለ። ስንጥቅ ከተጠረጠረ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ይጠረግና ነጭ ዱቄት ሲነፋበት ስንጥቁ በቀይ መስመር ራሱን ይጽፋል። የቀረውን የላሜራ ውፍረት ለመለካት ለነፍሰ ጡር እናት የሚደረገው ዓይነት አልትራሳውንድ አለ።

ዝገት ስታገኙ ሁሉንም አስወግዱት፤ ትንሽ የቀረች እንደሆን ከቀለም ሥር ታድጋለች። ድስት የምንፈግፍግበትን የብረት ሽቦ አሉሚኒየም ላይ እንዳታሳርፉ፤ የብረት ብናኝ ላሜራው ውስጥ ተቀርቅሮ አዲስ ባትሪ ይሠራል። ከዚያ የቀረውን ውፍረት ለኩ፤ በፋብሪካው መመሪያ ከተፈቀደው ጋር አስተያዩት። ካነሰ ይቀየራል። «ትንሽ ነው፣ ለዚህ ዓመት ይበቃል» የሚል ቃል በመመሪያው ውስጥ የለም። በመጨረሻም ጻፉት። የት እንደተገኘ፣ ስንት እንደሆነ፣ ምን እንደተደረገለት። ከሃያ ዓመት በኋላ ያንን ክዳን የሚከፍተው ገና ያልተወለደ መካኒክ ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፋችሁ ለእሱ የተላከ ደብዳቤ ነው።

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ ልመለስ። እትዬ፣ ልጅዎ በየማታው የሚያጥበው አውሮፕላን ከስድሳ ዓመት በላይ ሲበር የኖረው አንድ ታላቅ መሐንዲስ ስለሠራው ብቻ አይደለም። ስማቸውን የማናውቃቸው ብዙ ልጆች በየማታው ጉልበታቸውን አርጥበው ስላጠቡት ነው። አውሮፕላንን በእጁ ያላጠበ መካኒክ የት እንደሚያብጥ፣ የት እንደሚያፈስ፣ የቱ ሪቬት ትናንት ደህና እንደነበር አያውቅም። ሐኪም መጀመሪያ የሚማረው በሽተኛውን መዳሰስ ነው፤ የልጅዎ እጅ አሁን እየተማረ ያለው ይህንን ነው። እዚያ ሆዱ ሥር ተንበርክኮ፣ ውሃ በእጅጌው እየገባ፣ ማንም በማያየው ቦታ የሚያደርገው ነገር ነገ ጠዋት ልጆቿን ይዛ የምትሳፈር አንዲት እናትን በሰላም ያወርዳታል። እሷ ስሙን አታውቀውም።

ለእናንተም ለወጣቶቹ አንድ አደራ አለኝ። ያያችሁትን ተናገሩ። ጀማሪ ነኝ፣ ይስቁብኛል፣ አለቃዬ ያውቃል ብላችሁ አትዋጡት። በ1988 በዚያ በር አጠገብ ስንጥቅ ያየች ዓይን ነበረች፤ የጎደለው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ሽማግሌ ፊት አፍ አለመክፈትን ከቤታችን እንደ ጨዋነት ተምረናል፤ ጨዋነቱ ደግ ነው። አውሮፕላን ሥር ግን ጨዋ ማለት «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይህን ይዩልኝ» የሚል ልጅ ነው። እኛም ታላላቆቹ በዚያች ሰዓት ሥራችንን አስቀምጠን፣ ባትሪያችንን ይዘን ሄደን ማየት አለብን። መቶ ጊዜ አቧራ ሆኖ ቢገኝ መቶውንም ጊዜ እናመስግነው፤ መቶ አንደኛው ዝገት ነውና።

እትዬ፣ ልጅዎ ዛሬም ማታ ርሶ ይመጣል። ደረቅ ልብስ ይስጡት፣ ትኩስ ሻይ ያፍሉለት። ምን ሠራህ ብለው ይጠይቁት፤ አውሮፕላን አጠብኩ ይልዎታል። ያን ጊዜ ዝም አይበሉ፤ አንድ ጥያቄ ይጨምሩለት። «ምን አየህ?» ይበሉት። የሚነግርዎት ነገር አያጣም።